ምዕራፍ ስድስት፦ ከጌጡ የከበደ መያዣ

በእጅ የተሠራ ትንሽ ጌጥ ለሩቅ ገዢ የሚልክ ሰው፣ ዕቃው በመዳፍ የሚያዝ ከሆነ መላኪያውም በዚያው መጠን የሚቀል እየመሰለው ዋጋ ከቆረጠ በኋላ ፖስታ ቤት ሲደርስ፣ ጉትቻው ከተሸጠበት ይልቅ ማድረሻው ልቆ ስለሚያገኘው፣ የሚያማርረው ታሪፉን ነው። ታሪፍ ደግሞ በሻጭ እጅ ያለ ነገር ስላይደለ ምሬቱ ምንም አያስገኝለትም። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን፣ ከገንዘቡ አብዛኛው የሚከፈለው ለጌጡ ሳይሆን ጌጡን ለከበበው ነው፤ ይኸውም ለካርቶኑና ለወረቀቱ፣ በካርቶኑ ውስጥ ለተዘጋው ባዶ አየር፣ ለጥድፊያው፣ በመጨረሻም ዕቃው እንዳይጠፋ ለሚደረግለት ጥበቃ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የፊተኞቹ ሦስቱ ገና ፖስታ ቤት ሳይደረስ በሠሪዋ ጠረጴዛ ላይ የሚቀነሱ ሲሆኑ፣ አራተኛው ግን በእኔ አስተያየት መነካት የሌለበት ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን በሳሪስ የምትኖር አንዲት ጌጥ ሠሪ እናስብ። ሳሪስ ከመሐል ከተማ ወደ ቃሊቲና ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋ፣ ፋብሪካና መጋዘን፣ ጋራዥና መኖሪያ ቤት ተቀላቅለው የሚገኙበት፣ ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን የተነሣም «ሳሪስ አቦ» ሲባል የሚሰማ ሰፈር ነው። በወርቅና በብር ሥራ ስሙ ሲነሣ የኖረው ፒያሳ እንጂ ሳሪስ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚህ ዘመን ጌጥ ሠርቶ ለመሸጥ በአደባባይ መስታወት መደርደር ግድ ስላልሆነ፣ በኪራይ ክፍሏ ውስጥ ጠረጴዛ፣ ፒንሳ፣ ናይለን ክር፣ ዶቃ የሚለይበት ሣህንና አንድ ስልክ ያላት ሴት፣ ሥራዋን በቴሌግራም አሳይታ ከድሬዳዋም፣ ከለንደንም፣ ከዋሽንግተንም ትእዛዝ ትቀበላለች። የጥበበ እድዋ ውጤትም እንደ ገዢዋ ጠባይ ይለያያል፤ ከብር የተሠራ የአንገት መስቀል አለ፣ ከቀንድ የተቆረጠ አምባር አለ፣ የጨሌ ድርድር አለ፣ በእንጦጦ ሴቶች እጅ ከቀለጠ የጥይት ቀለህ የተሠራ የነሐስ ዶቃም አለ። የቁሱ ዓይነት ኋላ በፖስታው መስኮት ላይ ትልቅ ልዩነት ስለሚያመጣ አንባቢ ይህን ዝርዝር በልቡ ይያዝልኝ።

የእነዚህን ዕቃዎች ክብደት ለመገመት አባቶቻችን የተዉልን አንድ መለኪያ አለ። የማርያ ቴሬዛ መልክ የታተመበትና 1780 እ.ኤ.አ. የሚል ዓመት የተቀረጸበት ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የጥንት ብር አንጥረኞችም መስቀሉን፣ ድሪውን፣ አልቦውንና ጠልሰሙን የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ብር እያቀለጡ ስለነበር፣ ከአንድ ጠገራ የወጣ መስቀል፣ ሠሪው ሌላ ካልጨመረበት በስተቀር፣ ከ28 ግራም ሊበልጥ አይችልም። በሌላ ወገን ደግሞ በየጽሕፈት ቤቱ የምናየው ኤ4 የሚባለው ወረቀት፣ ተራው ባለ 80 ግራሙ፣ አንዱ ቅጠል 5 ግራም ይመዝናል። እንግዲህ ስድስት ቅጠል ወረቀት ከአንድ ሙሉ ጠገራ ብር ይከብዳል ማለት ነው። ከጌጡ ጋር የሥራውን ታሪክ በሦስት ገጽ አትማ፣ የምስጋና ደብዳቤ ጨምራ፣ የዋጋ ዝርዝርም አክላ የምትልክ ሴት፣ ባሕር ማዶ የምታሻግረው ከብሩ ይልቅ ወረቀቱን መሆኑን ልብ አትለውም።

ይህ ነገር የሚከፋው የፖስታ ታሪፍ እንደ ሥጋ ቤት ሚዛን በየግራሙ እየጨመረ የሚሄድ ሳይሆን በደረጃ የሚዘል በመሆኑ ነው። በብዙ አገሮች ዘንድ የታወቁት የደብዳቤና የትንሽ ጥቅል ደረጃዎች 20፣ 100፣ 250፣ 500፣ 1000 እና 2000 ግራም ሲሆኑ፣ ከደረጃው በአንድ ግራም ያለፈ ጥቅል የሚቀጥለውን ደረጃ ዋጋ በምልአት ይከፍላል። ስለዚህ 105 ግራም የመዘነው ጥቅል 250 ግራም የመዘነውን ያህል ይከፍላል ማለት ነው፤ ያ የበለጠው 5 ግራም ደግሞ ቀደም ብለን ያየነው የአንድ ቅጠል ወረቀት ክብደት ነው። ሚዛኑ 105 ሲል ሁለት መንገድ አለ። ወይ ደብዳቤውን አውጥቶ በሦስት ጣት ስፋት ካርድ ላይ ሁለት መስመር ጽፎ መተካት፣ ወይም ደግሞ የተከፈለበት ቦታ ባዶውን ከሚሄድ ለገዢዋ «ሁለተኛውን ጉትቻ ብትጨምሪ የመላኪያው ዋጋ አይለወጥም» ብሎ መጻፍ ነው። ሁለተኛው መንገድ ከፊተኛው እንደሚበልጥ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ይህን ለመጻፍ ጥቅሉን በቤት መዝኖ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ለጌጥ ሠሪ ከፒንሳው ቀጥሎ የሚገዛ መሣሪያ ነው።

አሁን ወደ መያዣው እንምጣ። በልማድ እንደምናየው፣ ዕቃው እንዳይሰበር የሚፈራ ሰው መያዣውን ያወፍራል፤ ጉትቻውን በጥጥ፣ ጥጡን በሣጥን፣ ሣጥኑን በካርቶን፣ ካርቶኑን በፕላስተር ይጠቀልላል። ይሁንና ትንሽ ጌጥን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጣው ምት ሳይሆን በውስጥ የሚደረገው መናወጥ ነው፤ ሰንሰለት የሚተበተበው፣ ዶቃ ከዶቃ ተፋጭቶ የሚላጠው፣ የጉትቻ ማንጠልጠያ የሚጣመመው ዕቃው ባዶ ቦታ አግኝቶ ሲዘዋወር ነው። የሚጠብቀውም የመያዣው ውፍረት ሳይሆን የዕቃው አለመንቀሳቀስ ነው። ከመኮሮኒ ካርቶን 16 በ11 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ቢቆረጡ ሁለቱ ተደምረው ጥቂት ግራም ብቻ ይመዝናሉ። በአንደኛው ላይ በመርፌ ቀዳዳ ተበጅቶ ጉትቻው በማንጠልጠያው ይሰካል፤ የአንገት ሐብል ከሆነ ቁልፉ ተቆልፎ፣ ሰንሰለቱ በካርቶኑ ጠርዝ ላይ በተተለተሉ ስንጥቆች ውስጥ አንድ ባንድ እየገባ ይዘረጋል። በላዩ ከልብስ ሰፊ የተረፈ የሸማ ቁራጭ ይነጠፍበትና ሁለተኛው ካርቶን ይከደናል፤ ዙሪያው በወረቀት ፕላስተር ይታሸጋል፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ግን ማሸጊያው፣ ኋላ እንደምናየው፣ ለፖስታ ቤቱ ይቆያል። በዘመነ ክረምት ከሆነ ስስ ላስቲክ ከውስጥ ይጨመራል፤ እርጥበት የገባበት ካርቶን እንደሚከብድም እንደሚላላም የታወቀ ነው። ልኩን ከ14 በ9 ሴንቲ ሜትር ማሳነስ ግን አይገባም፤ የፖስታው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ከዚያ ያነሰውን አይቀበልምና።

በፈጣን መልእክት ድርጅቶች በኩል ለሚልክ ሰው የዚህ ጠፍጣፋ መያዣ ጥቅሙ ከዚህም ያልፋል። እነዚህ ድርጅቶች ዕቃውን በሚዛን ከመዘኑ በኋላ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5000 በማካፈል ሌላ «ክብደት» ያወጣሉ፤ ከሁለቱ በሚበልጠውም ያስከፍላሉ። ርዝመቱ 20፣ ስፋቱ 15፣ ከፍታው 10 የሆነ ካርቶን፣ በውስጡ አንድ ላባ ቢኖርበት እንኳ 600 ግራም እንደሚመዝን ይቆጠራል፤ ሂሳቡም በግማሽ ኪሎ እየተነሣ ስለሚሄድ ላኪዋ የአንድ ኪሎ ትከፍላለች። ከላይ የተገለጸው ባለ 16 በ11 መያዣ ግን ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 70 ግራም ብቻ ይወጣዋል፤ ከመጀመሪያው ግማሽ ኪሎም አያልፍም። አየርን በአውሮፕላን ጭኖ ወደ አየር ማሻገር የሚያስከፍለው ይህን ያህል ነው።

ከሳሪስ የተነሣ ጥቅል በአንድ ክፍያ ብቻ ኦስሎ ድረስ መድረሱን ዛሬ እንደ ተራ ነገር እናየዋለን። ቀድሞ ግን እንዲህ አልነበረም፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፓሪስ ያሳተሟቸው ሰባቱ ቴምብሮች፣ አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ሦስቱ የይሁዳን አንበሳ የያዙት፣ ውበታቸው የሚደነቅ ቢሆንም ከአገር ወሰን ውጭ ዋጋ ስላልነበራቸው፣ ወደ አውሮጳ የሚሄድ ደብዳቤ የፈረንሳዮች የጅቡቲ ቴምብር ይታከልበት ነበር። በበርን ከተማ በ1867 ዓ.ም. በ22 መንግሥታት ስምምነት ወደ ተመሠረተው የዓለም ፖስታ ኅብረት ኢትዮጵያ ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. በገባች ጊዜ ይህ እጥፍ ድካም ቀረ። በአገራችን የፖስታ ታሪክ የመላኪያን ዋጋ በአንድ ቀን ከዚያ የበለጠ የቀነሰ ነገር የተደረገ አይመስለኝም።

ኅብረቱ ያመጣው ሥርዓት ግን የራሱ ዕዳ አለበት፤ ላኪው አገር ለተቀባዩ አገር ፖስተኛ የማደያውን ዋጋ ይከፍለዋል። ከቻይና የሚጎርፈው ትንሽ ጥቅል ርካሽ ሆነብኝ ያለችው አሜሪካ፣ የኅብረቱ ልዩ ጉባኤ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ በአዲስ አበባ ተደርጎ ልዑካኑ ከተበተኑ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ከማኅበሩ እወጣለሁ ብላ አስታወቀች፤ መስከረም 2012 ዓ.ም. በጄኔቭ በተደረገ ሌላ ልዩ ጉባኤም፣ ብዙ ጥቅል የሚቀበሉ አገሮች የማደያ ዋጋቸውን ራሳቸው እንዲወስኑ ተፈቀደ። እንዲህ ያለው የአገሮች ሂሳብ የሚታሰበው በብር አይደለም፤ የኅብረቱ መቁጠሪያ የዓለም ገንዘብ ድርጅት ልዩ የመውጫ መብት የሚባለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለውጭ አገር የሚከፈለው ሁሉ በብር ሲታሰብ መክበዱ የሚደንቅ አይደለም። የሳሪሷ ሴት ይህን ልትለውጠው አትችልም፤ ዋጋዋን ስትቆርጥ ግን የመላኪያውን ሂሳብ ካለፈው ዓመት ደረሰኝ ላይ መቅዳት እንደሌለባት ታውቅበታለች።

ወደ ቁሱ ልዩነት እንመለስ። የኅብረቱ ስምምነት ወርቅ፣ ብር፣ ፕላቲን፣ የከበረ ድንጋይና ሌላም ውድ ጌጥ ኢንሹራንስ በሌለው ተራ የደብዳቤ ፖስታ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል፤ የላኪውና የተቀባዩ አገር ሕግ ከፈቀደ ግን በሚገባ ታሽጎ፣ በአደራ ተመዝግቦ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የብር መስቀል የምትልክ ሴት የምዝገባውን ወይም የኢንሹራንሱን ገንዘብ ለማትረፍ በተራ ፖስታ ብትሰደው፣ ዕቃው የጠፋ ዕለት የሚጠየቅላት የለም። የቀንድ አምባር፣ የመስታወት ጨሌና የነሐስ ዶቃ ግን የከበረ ማዕድን ስላልሆኑ በዚህ ክልከላ አይያዙም። በጉምሩክ አመዳደብም የከበረ ማዕድን ጌጥ በ7113፣ ተራው ጌጥ በ7117 አንቀጽ ይቆጠራል፤ በቅጹ ላይ «ጌጣጌጥ» ብሎ ብቻ ከመጻፍ «ከነሐስና ከመስታወት ዶቃ የተሠራ የአንገት ሐብል» ብሎ ቁጥሩን መጨመር፣ ጥቅሉ ወርቅ መስሎ እንዳይያዝ ይረዳል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ዕቃ የያዘ መልእክት ምንም ቢሳሳ እንደ ደብዳቤ ሳይሆን እንደ ትንሽ ጥቅል ስለሚቆጠር፣ ጉትቻን በሰላምታ ካርድ ውስጥ ሸሽጎ የመላክ የጥንት ብልሃት ዛሬ አያዋጣም።

ቅጹ ሲኤን 22 የሚባለው ትንሹ ወረቀት ነው፤ ዋጋው ከ300 ልዩ የመውጫ መብት ካለፈ ሰፊው ሲኤን 23 ይተካዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚፈተንበት ነገር አለ። ገዢው ቀረጥ እንዳይከፍል «ስጦታ» ብሎ መጻፍ ወይም የ3000 ብሩን መስቀል 300 ብር ነው ማለት በሁለት ወገን ይጎዳል፤ አንደኛ ሐሰት ነው፣ ሁለተኛም ዕቃው በኢንሹራንስ ሄዶ ቢጠፋ ካሣው ከተጻፈው ዋጋ አይበልጥም። ደግሞም የቀረጡ ነገር ከፊተኛው ዘመን ተለውጧል። የአውሮጳ ኅብረት እስከ 22 ዩሮ ለሚያወጣ ጥቅል ይሰጠው የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻነት ሰኔ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. አስቀርቷል፤ አሜሪካም እስከ 800 ዶላር የሚደርስ ዕቃ ያለ ቀረጥ የሚገባበትን ፈቃድ ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ለሁሉም አገር አግዳለች። ይህን ለገዢው አስቀድሞ ያልነገረ ሻጭ፣ ገዢው በደጃፉ የተጠየቀውን ገንዘብ አልከፍልም ሲል ጥቅሉን ተመላሽ ሆኖ ይቀበለዋል።

ስለ መስቀል አንድ ነገር ልጨምር። አዲሱን ብር አጥቁሮ የጥንት ማስመሰል በአንዳንድ ሠሪ ዘንድ እንደ ሙያ ይቆጠራል፤ ለገዢው ዓይን ያምር ይሆናል፣ ለፖስታ ግን መከራ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ስለሚከለክል፣ ተቆጣጣሪው ፊት የቀረበ የጠቆረ መስቀል ንዋየ ቅድሳት ነው ወይስ የትናንት ሥራ ነው የሚለው ጥያቄ እስኪፈታ ድረስ ይቆያል። ቢያበራ ይሻላል። ጥቅሉም ሕቱም ሆኖ መቅረብ የለበትም፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ዕቃ በጉምሩክ ሰው ከታየ በኋላ ስለሚታሸግ፣ በቤቷ በሦስት ዙር ፕላስተር ጠርቅማ የመጣች ላኪ «እህቴ፣ ይፍቱት፤ ሳይታይ አይሄድም» ትባልና የለፋችበትን ሁሉ በመስኮቱ ፊት ትቀደዋለች። ፕላስተሩንና መቀሱን በቦርሳ ይዞ ሄዶ እዚያው ማሸግ ነው የሚሻለው።

በእኛ አገር ከፖስታም ከፈጣን መልእክትም በፊት የሚታሰበው መንገድ በሰው እጅ መላክ ነው። ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ለንደን የሚሄድ መንገደኛ በርበሬና ሽሮ ተሸክሞ እንደሚሄድ ሁሉ፣ 50 ጥንድ ጉትቻ ቢሰጡት የአንድ ኪሎ ሸክም እንኳ አይሆንበትም። ይህ ልማድ በሥርዓት ከተያዘ ለጌጥ ሠሪ ከሁሉ የሚረክሰው መንገድ ነው፤ ሥርዓት ማለቴም ለሽያጭ የሚሄድ ዕቃ በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ቢሆንም የንግድ ዕቃ መሆኑ ስለማይቀር፣ መንገደኛው ምን እንደያዘ አውቆ ከነደረሰኙ በጉምሩክ እንዲያስመዘግበው ነው። የታሸገ ነገር «ለእገሌ አድርስልኝ» ብሎ በሰው ላይ መጫን፣ በዝምድናም ቢሆን፣ ሰውን ለአደጋ መስጠት ነው። ዕቃው እዚያ ካለች እኅት ወይም አክስት ቤት ከተቀመጠ በኋላ እያንዳንዱ ትእዛዝ በዚያው አገር የውስጥ ፖስታ ይታደላል። ጠፍጣፋው መያዣ ሁለተኛውን ጥቅሙን የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ በእንግሊዝ አገር ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያልሞላና 750 ግራም ያላለፈ መልእክት በትልቅ ደብዳቤ ዋጋ ስለሚሄድ፣ ከጥቅል ዋጋ ይረክሳል፤ ተቀባይዋ ቤት ባትኖርም በደጅዋ ቀዳዳ ይገባል። የሚያስቸግረው ሳይሸጥ የቀረው ዕቃ በባዕድ አገር መቀመጡ ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚላከው አዲስ ሙከራ ሳይሆን ደጋግሞ የተጠየቀው ዓይነት ብቻ ቢሆን ይመረጣል።

የመጓጓዣው ወጪ በደረሰኝ ስለማይጻፍ ይረሳል እንጂ የመላኪያው አካል ነው። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ወዲህ ከሳሪስ ባቡር ተሳፍሮ ለገሃር መውረድ፣ ከዚያም በቸርችል ጎዳና ሽቅብ እየተራመዱ ዋናው ፖስታ ቤት መድረስ ይቻላል፤ ገንዘቡ ጥቂት ቢሆንም ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ለእጅ ሠራተኛ ግማሽ ቀን ማለት ያልተሠራ ጌጥ ማለት ነው። ትእዛዝ በመጣ ቁጥር ከመሮጥ በሳምንት አንድ ቀን ለይቶ፣ ያንንም ቀን ለገዢዎች አስታውቆ ሁሉንም በአንድ ላይ መውሰድ የጥድፊያውን ወጪ ይከፋፍለዋል። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 አቦ ሲነግሥ ግን መንገዱ በምእመናን ስለሚሞላ ያን ቀን ለፖስታ የቀጠረ የሰፈሩ ሰው አይገኝም። ለድሬዳዋና ለሐዋሳ ደንበኛ የአገር ውስጥ ፖስታም፣ የአውቶቡስ ጭነትም አለ፤ ሁለቱም ከስልክ ጋር የሚሠሩ ናቸው፤ ተቀባዩ ስልኩን ካላነሣ ዕቃው መናኸሪያ ላይ ያድራል።

አድራሻ አጻጻፍ የመጨረሻው ነገር ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚበላው እርሱ ነው። በአገራችን ፖስታ የሚገባው በሣጥን ቁጥር ስለሆነ የቤትና የመንገድ ቁጥር መጻፍ እንደ ትርፍ ነገር ይታየናል፤ በውጭ አገር ግን የአፓርታማው ቁጥር ወይም የፖስታው ኮድ ከጎደለ ጥቅሉ ሳይደርስ ይመለሳል። አድራሻው በላቲን ፊደል ጉልህ ሆኖ፣ የአገሩ ስም ብቻውን በመጨረሻው መስመር፣ የተቀባዩም ስልክ ከሥሩ ይጻፍ፤ በጀርባው የላኪዋ ስምና የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይኑር፤ የራስዋ ሣጥን ከሌላት ባለ ሣጥኑን አስፈቅዳ የዘመድ ወይም የመሥሪያ ቤት ቁጥር ትጻፍ። የምዝገባው ደረሰኝ በላዩ ያለው ቁጥር በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ለገዢው በዚያው ቀን ይላክለት፤ ወረቀቱም ገዢው «ደረሰኝ» ብሎ እስኪጽፍ ድረስ በዶቃው ሣህን ሥር ይቀመጥ፤ ጥቅሉ ቢዘገይ ፖስታ ቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው ያንን ወረቀት ነው።